መምህር አህመዲን አራት ካሬ መታጠቢያ ቤት ሊያነጥፍ የዘመተበት ዜና

በአላህ ስም ጀምረን በእግዚአብሔር ቸርነት እንፈጽመዋለን፤ የወሎ ቦረና ሰው በሁለቱም ይምላልና ማንም ቅር አይበለው። ይህ ነገር የሆነው በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ በወርኃ ጥር፥ ሲሚንቶ የጠፋበት ዘመን አልፎ ሲሚንቶ የተወደደበት ዘመን በገባ በሁለተኛው ዓመት፥ ወይዘሮ መድና በቤቷ ላይ በነገሠች በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት ነው።

በዚያ ዘመን በመካነ ሰላም ከተማ፥ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፥ ኃያል ወጽኑዕ፥ መዋዒ በጠመኔ፥ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አህጉራትን በእንጨት እየጠቆመ ያስተማረ፥ ወንዞችን ከነገባሮቻቸው በቃሉ የሚጠራ፥ ጋራውን ሁሉ በከፍታው የሚያውቅ፥ መምህር አህመዲን የተባለ ሰው ነበረ። የሚፈራውም ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ አላህን፥ ባለቤቱን መድናን፥ የባለሙያ ዋጋን። ከሦስቱ ፊቱን የሚያገረጣው ግን ሦስተኛው ነበር።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነው። አባቱ ሸህ ኸይሩ በከላላ ገጠር አርባ ዓመት ቁርኣን ሲያቀሩ የኖሩ አዛውንት ናቸው። አምና ባለቤታቸው ወደ አኼራ ሲሄዱ ልጃቸው ሚኒባስ ይዞ ሄዶ፥ ኪታባቸውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ፥ እርሳቸውን ከሹፌሩ አጠገብ አስቀምጦ ወደ ቤቱ አመጣቸው። ምግቡ ተስማማቸው፥ አልጋው ተስማማቸው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ግን ግንበኛ ቸኩሎ የለሰነው ሲሚንቶ ስለነበረ መሐሉ ጎድጉዶ ውሃ ያቁር ነበር። በጥር መባቻ፥ ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ታጥበው ውዱእ ሊያደርጉ ሲገቡ አንሸራተታቸውና ወደቁ። አላህ ጠብቋቸው አጥንት አልተሰበረም፤ ክርናቸው ተላጠ፥ ማንቆርቆሪያውም ተጨራመተ።

በዚያው ቀን ቁርስ ላይ ሸሁ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ረመዳንን በከላላ ሊያሳልፉ እንዳሰቡ ተናገሩ። የከላላ ሜዳ ደረቅ ነው፥ ማንንም አላስቸግርም አሉ። አህመዲን የያዘውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰ። የከላላው ቤት ከተዘጋ ዓመት እንደሆነው፥ እዚያ ሄደው ለብቻቸው እንደሚያፈጥሩ ታየው። ረመዳን ሊገባ አምስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ለማንም ሳይተነፍስ በልቡ ማለ፤ ወለሉን ሴራሚክ አነጥፋለሁ፥ አባቴንም አስቀራለሁ ብሎ።

ወእምዝ ወደ ቢተው ላከ። ቢተው ማለት ሴራሚክ በማንጠፍ በአካባቢው አቻ የሌለው፥ ውሃ ልኩንና መቁረጫውን በሞተር ብስክሌቱ ጭኖ ከቤት ቤት የሚዞር፥ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ ነው። የአህመዲንም የቀድሞ ተማሪ ነበረ፤ በዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ከመቶ ሠላሳ ስምንት ያመጣ። ሁለቱም ያችን ቁጥር አልረሷትም፥ ሁለቱም አላነሷትም።

ቢተው መጣ፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፤ ለካ፤ ጉድጓዱን በጣቱ ዳሰሰ፤ የውሃ መውረጃውን አየ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው አዋጅ ወጣ።

«ቲቸር፥ እንዲህ ያለውን ጠባብ ቤት በካሬ አልሠራም፥ በጥቅል ነው። ዕቃው የእርስዎ ሆኖ የእጄ ዘጠኝ ሺህ ብር።»

አህመዲን ዘጠኝ ሺህን ለአራት ካሬ አካፈለ፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሆነበት። ደግሞ አካፈለ፤ አልቀነሰም። በዚህን ጊዜ ደረቱን ነፍቶ መልሱን አወጀ።

«የመላውን ዓለም መሬት ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፥ ለአራት ካሬ መሬት የደመወዜን እኩሌታ አልገብርም።»

ቢተው አልተቆጣም፥ አልለመነምም። ዋጋው ያው እንደሆነ በትሕትና ተናግሮ፥ ሸሁን ሰላም ብሎ፥ ጫማውን አጥልቆ ሄደ። መድና ከዕቁቧ ልታወጣ እንደምትችል፥ ሥራውንም ለባለሙያው መተው እንደሚሻል ለባሏ ነገረችው፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። እውነቱ ከተነገረ የከነከነው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ቢተው አጎንብሶ ወለሉን ሲመረምር ፈተና የሚያርም መምህር ይመስል ነበር፤ አህመዲንም የቀይ እስክሪብቶ ድምፅ የሰማ መሰለው።

ወእምዝ ሦስት ቀን ሱባዔ ገብቶ፥ በስልኩ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ተመለከተ። የሚናገሩት ባይገባኝም እጃቸው ገብቶኛል አለ። ከዚያም ወደ ሱቅ ወረደ። ባለሱቁ ለወለል ነው ለግድግዳ ብሎ ቢጠይቀው ጥያቄውን እንደ ንቀት ቆጥሮ፥ የሚያብረቀርቀውን አውጣ አለው። ባለሱቁም የሚያብረቀርቀውን አወጣ።

በዚህ ዘመቻ የተከተሉት ሠራዊት ቁጥራቸውና ማዕረጋቸው ይህ ነው፤ ሴራሚክ አምስት ካርቶን፥ ሁለተኛው ካርቶን በመንገድ ላይ የቆሰለ፤ ሲሚንቶ አንድ ኩንታል፤ አሸዋ በባልዲ የተሰፈረ፤ አንድ ባጃጅ ከነሹፌሩ፥ ሹፌሩም ዳገቱ ላይ ሲደርስ ወርዶ የሚገፋ፤ ከትምህርት ቤት በውሰት የመጣ የጥቁር ሰሌዳ ማስመሪያ፥ ይህም የጦሩ በትረ መንግሥት ነበረ፤ በውሃ ልክ ፈንታ እስከ ወገቡ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ፤ ከኋላም ሳትጠራ የተከተለች የጎረቤቲቱ የወይዘሮ አልታየች ዶሮ። ጠቅላላ ሠራዊቱ ይኸው ነው። ዶሮዋ በጦርነቱ ዋዜማ ከዳች።

ጥር ሃያ አራት ቀን፥ በዕለተ እሑድ፥ ከቁርስ በኋላ አህመዲን ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባ፤ ሲሠራ ማንም እንዳያየው በሩን ከውስጥ ዘጋ። የቀድሞውን ወለል ማፍረስ የፈሪ ሥራ ነው ብሎ፥ በላዩ ላይ ሦስት ጣት የሚሆን ሲሚንቶና አሸዋ አፈሰሰ። እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው በሩ ሥር ያለውን ነው በሚል ስልት ከበሩ ጀመረ። አንዱን ሴራሚክ አስቀመጠ፥ በቡጢ መታው፥ በማስመሪያው ለካው፥ በጠርሙሱ መረመረው፥ ቀጠለ። እንደ ብልህ የጦር አዝማች ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ወደ ኋላው እያፈገፈገ፥ ጉልበቱ እየተላጠ፥ ጢሙ በሲሚንቶ እየሸበተ፥ እኩለ ቀን ሲሆን የመጨረሻውን ሴራሚክ በወዲያኛው ግድግዳ ሥር አኖረ። ከዚያም የሚረግጠው መሬት ስላልቀረው በሽንት ቤቱ መቀመጫ ክዳን ላይ ወጥቶ ቆመ፤ አገሩንም ከላይ ወደ ታች ተመለከተ። መስመሩ ትንሽ እንደ ወንዝ ቢጠማዘዝም ያብረቀርቅ ነበርና ልቡ በደስታ ሞላ። ይህ ደስታ የአራት ደቂቃ ዕድሜ ነበረው።

በአምስተኛው ደቂቃ ሦስት ነገር ተገለጠለት። አንደኛ፥ እርሱ በዚህ ጥግ ነው፥ በሩ በዚያ ጥግ ነው፥ በመካከላቸው ያልደረቀ ሲሚንቶ ተንጣሎ ተኝቷል። ሁለተኛ፥ በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ሦስተኛ፥ አዲሱ ወለል ከበሩ ግርጌ በልጦ ተነሥቷል። በሩ ሥር ያሉትን አራት ሴራሚኮች ነቅሎ ጭቃውን ቢጠርገው ይወጣ ነበር፤ ይህንንም ያውቅ ነበር። ነገር ግን የገዛ ከተማውን በገዛ እጁ የሚያፈርስ ንጉሥ የት ይገኛል? በክዳኑ ላይ ተቀመጠ።

መድና ለምሳ ስትጠራው በሩን ገፋችው፤ አልነቃነቅ አላት። ከውስጥም ሲሚንቶው እስኪደርቅ እዚያው እንደሚቆይ ታወጀ። እርሷም በእርጋታ፥ ከደረቀ በኋላ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ጠየቀችው። 

ዜናውም የአልታየችን አጥር ተሻግሮ ወደ ሰፈሩ ገባ። የተሰበሰበው ሕዝብ ይህ ነው፤ ወይዘሮ አልታየች፥ መሰላል ይዛ፥ መሰላሉም ለምን እንደሚጠቅም ሳታውቅ፤ ከእድር ስብሰባ የሚመለሱ አራት ሽማግሌዎች፤ በርበሬ ልትበደር የመጣችና የመጣችበትን የረሳች አንዲት ሴት፤ ነገ ፈተና ያለባቸው ሰባት የአህመዲን ተማሪዎች፥ ፊታቸው ከሁሉ ይልቅ የበራ። አንዱ በሩ ይሰበር አለ፤ መድና በሩን የሰበረ ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም አለች፤ በሩ ከሴራሚኩ ይወደዳልና። ሌላው በመስኮቷ ይውጣ አለ፤ መስኮቷ ግን ድመት የምታመነታባት ነበረች። በመጨረሻ በዚያች መስኮት ሁለት ዳቦና በላስቲክ የታሰረ ሻይ ገባለት፤ የመቅደላ አምባ እንኳ ተከብቦ ሳለ እንዲህ ያለ ስንቅ አልገባለትም። አህመዲንም ጠግቦ፥ ቢተውን የጠራ ሰው ከእኔ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም ብሎ አወጀ። አዋጁ ሳያልቅ መድና ደውላ ጨርሳ ነበር። ቢተው ከከተማው ውጭ ሥራ ላይ ስለነበረ፥ ከቀትር በኋላ ለአስር ሶላት ግድም እንደሚደርስ ነገራት። ሕዝቡም ይህን ሰምቶ ወደየሥራው ተበተነ።

ሸህ ኸይሩ የዙህርን ሶላት ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ ግቢው ጭር ብሎ አገኙት። የሆነውን ከመድና ሰሙ። ዱካቸውን፥ አጭሩን የእንጨት መቀመጫ፥ ራሳቸው አንሥተው መጥተው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር አኖሩት፥ ጀርባቸውንም ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ። አህመዲን የከዘራቸውን ድምፅ አወቀ። ዙህርን እንዳልሰገደ ተናዘዘ፤ እርሳቸውም እዚያ ውስጥ ሶላት እንደማይሆን፥ ሲወጣ ያለፈችውን ሶላት ቀዷ ብሎ እንደሚያወጣት ነገሩት።  ከዚያ፥ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ፥ ወሬ ጀመሩ።

ሸሁ ሚስት ባገቡበት ዓመት ጎጆ ቤት በእጃቸው እንደሠሩ ነገሩት። አናጢ አልከፍልም ብለው ምሰሶውን ራሳቸው ቆረጡ፤ አንድ ክንድ አሳጠሩት። እናትህ ዓመት ሙሉ እያጎነበሰች ገባች፥ እያጎነበሰች ወጣች፤ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ራሳችሁን ጠብቁ» ትል ነበር አሉ። አህመዲን ይህን ታሪክ ሰምቶት አያውቅም ነበር። እየሣቀ ከክዳኑ ሊወድቅ ግድግዳውን ያዘ። ከሣቁ በኋላ እናቱ በዚያ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትገባ ታየችውና ዐይኑን አሸ፤ ሲሚንቶው አቃጠለው። ስለ በቅሏቸው አወሩ፥ ስለ ድርቁ ዓመት አወሩ፥ ከሸሁ ዘንድ ቁርኣን ቀርቶ በኋላ ሹፌር ስለሆነው ደረሳ አወሩ። አህመዲን ስልኩን ለማየት እንኳ አላሰበም፤ የበሩም ነገር ተረሳው። ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ሸሁ ፊታቸውን ሳያዞሩ እንዲህ አሉ።

«አህመዲን፥ እዚህ ቤት ከመጣሁ ዓመት ሆነኝ። ከእኔ ጋር ቁጭ ስትል ዛሬ ገና የመጀመሪያህ ነው፤ እሱንም በር ተዘግቶብህ።»

አህመዲን ከክዳኑ ላይ ወደ በሩ ጎንበስ አለ።

«አባ፥ የሚሄዱት ለዚህ ነው?»

«ወለሉማ ምን አደረገኝ፤ ከላላም ወድቄ አውቃለሁ። እዚያ ስወድቅ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ምን ሆኑ ይለኛል። እዚህ ወለሉን ለካችሁ።»

በዚህ መካከል የአስር አዛን ተሰማ። ሸህ ኸይሩ ሊነሡ ሲሉ ከዘራው ከእጃቸው አመለጠና ከበሩ ውጭ ባለው ሲሚንቶ ላይ ተንኳኳ፤ ዱካውም ተገለበጠ። አህመዲን ከውስጥ የሰማው ድምፁን ብቻ ነው፤ አባቴ ወደቀ አለ። ከክዳኑ ዘለለ። የመጀመሪያው ሴራሚክ ሰመጠበት፥ ሁለተኛው ዞረበት፥ ሦስተኛው እንደ ጀልባ ተሸክሞት ሄደ፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ያቀናውን አገር በሦስት እርምጃ አጠፋው። በሩ ሥር ተንበርክኮ አራቱን በጥፍሩ ነቀላቸው፥ ጭቃውን በክንዱ ጠረገ፥ በሩን ጎትቶ ከፈተ። አባቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ወደ ወደቀው ከዘራ እያዩ እንዴት እንደሚያነሡት ያስባሉ።

አህመዲን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲሚንቶ ለብሶ ከፊታቸው ቆመ። አፉ በሉኝ አባ አለ። ሸሁ የጋቢያቸውን ጫፍ አንሥተው ጢሙ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ ጠረጉለት፤ አልወጣም፤ ደግመው ጠረጉት።

ቢተው በዚህ ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ ገባ። ወለሉን አየ፥ የእግሩን ዱካ አየ፥ የጥቁር ሰሌዳውን ማስመሪያ አየ፤ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያውን ተመለከተ፤ ሊሥቅ ሲል ሸሁ ስለነበሩ ዋጠው። የመጨረሻውም አዋጅ ከእርሱ ወጣ።

«ቲቸር፥ ማፍረሱ ለብቻ ነው። ዐሥራ አንድ ሺህ።»

አህመዲን ዐሥር ሺህ ሊል አፉን ከፈተ። መድና ከጓዳ አንድ ጊዜ ሳለች። ይሁን አለ፤ ዕርቅም ወረደ።

ቢተው ሦስት ቀን ሠራ። በመጀመሪያው ቀን አሮጌውን ወለል ጨርሶ አፈረሰ፥ ውሃው ወደ መውረጃው እንዲሄድም አዘቀዘቀው። የሚያብረቀርቀውን ሴራሚክ ለግድግዳው አድርጎ ለወለሉ ሻካራውን አስመጣ፤ በሚያብረቀርቀው ላይ ውሃ ከፈሰሰበት ወጣት እንኳ እንደማይቆምበት አሳየ። በሁለተኛው ቀን ሸህ ኸይሩን በአክብሮት ጠርቶ ውዱእ ሲያደርጉ እንዴት እንደሚቀመጡ፥ የትኛውን እግር እንደሚያስቀድሙ፥ ሲነሡ ምን እንደሚይዙ ጠየቃቸው፤ ከጉልበታቸው እስከ መሬት ለካ፤ በቧንቧው አጠገብ በዚያው ልክ መቀመጫ ገነባ፥ በእጃቸው አቅጣጫም የብረት መያዣ ግድግዳው ላይ ተከለ። በሦስተኛው ቀን የበሩን ግርጌ ላገው። አህመዲን ሦስቱንም ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ አጠገቡ ቆሞ አየ፤ በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ ይህ ሁሉ የተጨመረው በሁለት ሺው ነው ወይ ብሎ ጠየቀው።

ቢተው እጁን እየታጠበ መለሰ። «በዘጠኝ ሺውም ውስጥ ነበር። ሸሁ እንደወደቁ ሰምቼ ነው የመጣሁት። እርስዎ ግን ዋጋውን ነው የጠየቁኝ፤ ምን እንዳለበት አልጠየቁኝም።»

ሸህ ኸይሩም ከረመዳን በፊት ባለው በሸዕባን ወር ማገባደጃ እንዳሉት ወደ ከላላ ሄዱ። አህመዲን ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቆ አብሯቸው ሄደ፤ ሁለት ቀን ተቀመጡ፤ ጎረቤቶቻቸውን ዘየሩ፥ የእናቱን ቀብር ዘየሩ፥ ሸሁም ምሰሶው አጭር የነበረበትን ቦታ አሳዩት፤ የቀረው አንድ የድንጋይ መሠረት ነበር። ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ሁለቱም በአንድ ሚኒባስ ተመለሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ መምህር አህመዲን ፈተና አያርምም፥ ስልክ አያነሣም፥ እንግዳም ቢመጣ ከአባቱ ጋር ካልሆነ አይቀበልም ተብሎ በቤቱ ታወጀ፤ አዋጁን ያወጀችው መድና ናት።

እንግዲህ ይህ ነው አህመዲን፥ ሥዩመ መድና፥ መዋዒ በጠመኔ፥ ተመዋዒ በሲሚንቶ፤ አራት ካሬ ሊይዝ ዘምቶ በሦስት እርምጃ የለቀቀ፥ ተከብቦ ዳቦ የበላ፥ ከጠላቱ ጋር ታርቆ ሁለት ሺህ ብር ካሣ የከፈለ፥ ስለዚያችም ሁለት ሺህ ብር ሰው ሲያዝንለት፥ በሕይወቴ እንዲህ በርካሽ የገዛሁት ነገር የለም የሚል። ከጎጃም ድንበር እስከ ደሴ፥ ከበሽሎ እስከ ወለቃ፥ ወለሉን አንጥፎ የተመሰገነ ብዙ ነው፤ ወለሉን ረግጦ የተመሰገነ ግን እርሱ ብቻ ነው። ለአንባቢው ዕድሜ፥ ለባለሙያው ሥራ፥ ዋጋ ለሚጠይቀውም ሁለተኛውን ጥያቄ ያድለው፤ አሚን።